ውስጠኛው አልነሣም ያለ ሰሞን

የኔ ሥራ ጉድለት መፈለግ ነው። በደቡብ ሕንድ፣ በአራኒ ከተማ የሐር ሸማኔዎች ማኅበር ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከሥሩ መብራት በበራለት የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ሳሪ እየዘረጋሁ የተበጠሰ ክር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሸማኔዎቹ በሌለሁበት «ሙኒያማ የገዛ እናቷንም ገልብጣ ሳታይ አትስምም» ይሉኛል አሉ። ይበሉ። ጉድለት ያለበት ሳሪ ለብሳ ሙሽራ ከምትረግመኝ ሸማኔ ቢያማኝ ይሻለኛል።

ስለ ታኒካቻላም ላወራ የተነሣሁት እንግዲህ ጉድለት የሌለበት ሰው ስለሆነ አይደለም። ሞልቶታል። አይናገርም። ሰው አይጠይቅም። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፣ እስከ ዛሬ ባለ ሁለት ድርብ የምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ የታችኛው ውስጥ እርጎ በሩዝ አለ፣ የላይኛው ባዶ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው ታምቢ እለዋለሁ፣ እሱም እንደ ታላቅ እህት አካ ይለኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ታምቢ፣ ምነው ባዶ ዕቃ ትሸከማለህ?» አልኩት።

«የላይኛው ከሌለ ክዳኑ አይገጥምም፣ አካ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አይገጥምም። ባለ አንድ ድርብ መግዛት ግን ማን ከለከለው?

የሱ ክፍል በር ከኔ ጠረጴዛ አምስት እርምጃ ነው። የጥለት ክፍል እንለዋለን። ሸማኔ ጥለቱን ከራሱ አያወጣም፤ ጣዎሱም፣ የማንጎ ፍሬውም፣ የቤተ መቅደሱ ጫፍም መጀመሪያ በኮምፒውተር ላይ ጥቃቅን አራት ማዕዘን እየተሞላ ይሳላል፣ ከዚያ ይታተማል፣ ከዚያ ካርቶን ላይ ይበሳል፣ ካርቶኑ ሽመናው ዕቃ ላይ ተሰቅሎ ክሩን ይመራል። ይህን ሁሉ ትስል የነበረችው ሚስቱ ቫዲቩ ናት። እሷ ትስላለች፣ እሱ ማሽኑን ይጠብቃል። ሁለቱ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይውሉ ነበር፤ የሷ ሳቅ ነው እስከኔ የሚሰማው እንጂ የሱ ድምፅ ድሮም አይሰማም።

የምትስልበትን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ከዘጉ ቆይተዋል። አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት፣ አዲሱ ያንን ፕሮግራም ጨርሶ አላውቀውም አለ። ያኔ ታኒካቻላም አንድ ሳምንት ተቀምጦ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አሮጌውን ኮምፒውተር መልሶ ሠራው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ሣጥን የለው፣ ሽቦ የለው፤ ግን አዲሱ ስክሪን ላይ መስኮት ከፍቶ ሲነሣ ቁርጥ ድሮ የምናውቀው ነው፣ ሰማያዊው ገጽ እንኳ አልቀረም። ቫዲቩ ባየችው ጊዜ አጨበጨበች። እኛ «ውስጠኛው» አልነው። ጠዋት ጠዋት ካርቶን በሺው በበሩ ብቅ ብሎ «ውስጠኛው ተነሣ?» ይላል፤ «ተነሣ» ከተባለ የዕለቱ ሥራ ይቀጥላል።

ቫዲቩ እቤቷም በአንድ አሮጌ ማሽን ትስል ስለነበር፣ ሥራዋን የምታመጣው በፍሎፒ ነው፣ ያቺ ድሮ ፋይል የሚቀመጥባት ጥቁር አራት ማዕዘን። ባሏ በሽቦ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ገዝቶ ከጠረጴዛው ዳር አስቀመጠላት። እሷ «አፉ» አለችው። በኔ በኩል ስታልፍ፣ «ላጉርሰውና ልምጣ፣ አካ» ትለኛለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርጋት ጠቅ የምትለው ድምፅ እስከ ጠረጴዛዬ ትሰማኛለች። ሆስፒታል በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ውስጠኛው ውስጥ አራት መቶ አሥራ ስምንት ጥለት ትታለች።

ከዚያ ወዲህ ታኒካቻላም አዲስ ነገር አልሳለም፤ መሳልም አይችልም። ሥራው ጠዋት ውስጠኛውን አስነሥቶ ከሷ ጥለቶች ውስጥ የታዘዘውን አውጥቶ ማተም ሆነ። የቀረውን ሰዓት ምን እንደሚያደርግ እንጃ። ከክፍሉ ድምፅ የሚባል አይወጣም። ስልኩ የሚጮኸው የስልክ ድርጅቱ ማስታወቂያ ሲልክ ብቻ ነው።

በዓመት አንድ ቀን የመሣሪያ በዓል አለን። የእጃችንን መሥሪያ ሁሉ አጥበን፣ በሰንደል እንጨት ልቁጥና በቀይ ዱቄት ቀብተን በጥበብ አምላካችን በሳራስዋቲ ሥዕል ፊት በነጭ ጨርቅ ላይ እንደረድራለን፤ ሸማኔው መወርወሪያውን፣ እኔ አጉሊ መነጽሬንና ወረንጦዬን፣ ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ። በዚያ ቀን መሣሪያ አይነካም። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ወደየቦታው ይመለስና እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ይሠራበታል፣ ዓመቱ እንዲቀና። ታኒካቻላም በየዓመቱ ከኪቦርዱ ጎን የቫዲቩን የመጨረሻ ፍሎፒ ያስቀምጣል። ሰው አይቶ ያልፋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዓሉ ማክሰኞ ዋለ። ጸሎቱ አልቆ የሩዝ ፈንዲሻና የሽምብራ ቆሎ ስንበላ ሊቀመንበራችን ጎቫርዳናም ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ቦታ መርጦ መናገር አያውቅበትም።

«አርብ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ መኪና ይመጣል» አለ። «የጥለቱን ክፍል ለመጋዘን እንፈልገዋለን። ጥለት ዛሬ ከከተማ በስልክ ይላካል።»

ታኒካቻላም ቀስ ብሎ፣ «ቫዲቩ የሳለችውስ?» አለ።

«ታኒካቻላም፣ እኔም አውቃታለሁ፣ ነፍሷን ይማር። ግን ይሄ ውስጠኛ የምትሉት አንድ ቀን አልነሣም ይላል፣ ያኔ የሙሽራ ትዕዛዝ ይዘን እናፍራለን። እሺ፣ አርብ ጠዋት እኔ ቆሜ በዓይኔ ፊት አስነሣው። ከተነሣ ክፍሉ እስከሚመጣው ዓመት ያንተ ነው። ካልተነሣ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ይሂድ።»

በየቀኑ የሚነሣ ማሽን ነው፣ ምን ያሰጋል? ግን ስለ ሚስቱ በሰው ፊት እንዲያ መባሉ ከብዶት ይሆናል፣ በእጁ የያዘውን ፈንዲሻ ወረቀቱ ላይ መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ። ዕቃውን ከጨርቁ ላይ ሳያነሣ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ጨርቁን ማንሣት የኔ ድርሻ ነው። መወርወሪያውን ለሸማኔው፣ ቁልፉን ለሾፌሩ፣ ኪቦርዱን ከነፍሎፒው ለታኒካቻላም ክፍል፣ ሁሉን በየቦታው መለስኩ። ደስ እያለኝ ነው የመለስኩት። ከዚያ አንድ ሳሪ ዘርግቼ ሁለት ጉድለት አገኘሁ፣ ዓመቱ ቀናልኝ ማለት ነው።

ታኒካቻላም መጣ። ውጪኛው፣ አዲሱ ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ ተነሣ። ውስጠኛውን ሲከፍተው ጥቁር ስክሪንና ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ካርቶን በሺው «ውስጠኛው ተነሣ?» አለው። እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባውን አየዋለሁ። ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ኋላ ራሱ ነግሮኛል፣ ያኔ ግን ከጀርባው በቀር ያየሁት የለም። መጀመሪያ አጥፍቶ አበራው። ያው ጽሑፍ። ጽሑፉ ስለ ዲስክ ስለሚያወራ የውስጠኛው ዲስክ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ፈራ። የውስጠኛው ዲስክ ማለት አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ፈለገው፣ አለ። መጠኑን አየ፣ አልጎደለም። መርማሪ ፕሮግራም ለቀቀበት፣ ደህና ነው አለው። መብራት ሲቋረጥ ውጪኛው ተጎድቶ እንደሆነ ብሎ እሱንም መረመረ። ሐሙስ ከመሳቢያው የመጠባበቂያ ቅጂ አወጣ፤ ባለፈው ዓመት የገለበጠው ነው። ያን አስነሣ። ያው ጥቁር፣ ያው ሁለት መስመር።

ይህ ነው ወሽመጡን የቆረጠው። አንዱ ቢሞት እሺ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የከረመው እንዴት በአንድ ቀን በአንድ በሽታ ይሞታል? እንደ ገና ሊሠራው ቆረጠ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አሠራሩን አንድ በአንድ የጻፈበት ሰማያዊ ደብተር አለው። ባዶ ውስጠኛ ፈጠረና ደብተሩን እያየ፣ አንደኛ ይሄን፣ ሁለተኛ ያን፣ ሳያዛንፍ እስከ አሥራ አራተኛው መስመር ሞላ። የቫዲቩን ዲስክ ገጠመበት። አስነሣው። ያው።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናብ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ስልኩን አንሥቶ ያሉትን ስሞች በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሲወርድባቸው አየሁት። ታች ደረሰ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። የሚደውልለት ሰው አልነበረውም። እኔ አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ ብዬ ሳሪዬን ገለበጥኩ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

አርብ ጠዋት ሻይና የተረፈ ፈንዲሻ ይዤ ገባሁ። ከኔ ቀድሞ ተገኝቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ታምቢ፣ በላህ?»

«በላሁ፣ አካ።»

«ውሸታም። የምሳ ዕቃህ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነው ያለው። ሸቷል።»

ሻዩን ተቀበለኝ፣ ግን አልጠጣውም። «ሞቷል» አለኝ።

«ማን?»

«ውስጠኛው። ቅጂውም ሞቷል። አዲስ የሠራሁትም ሞቶ ነው የተወለደው። ጎቫርዳናም ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። እርስዎ ይሂዱ፣ ሥራ ይጠብቅዎታል።»

አልሄድኩም። ሳሪ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። «እኔ ጉድለት ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? መጨረሻ የነካው ማን ነው ብዬ ነው» አልኩት።

«እኔ ነኛ። ሰኞ በሥርዓቱ አጥፍቼው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«ጽሑፉስ ምን ይላል?»

«ተዪው፣ አካ።» አንቺ ማለቱን እንኳ ልብ አላለም።

«አልተውም። እንግሊዝኛ ስለማላውቅ ነው? አንብብልኝ።»

በረጅሙ ተንፍሶ አነበበልኝ። «ይህ ዲስክ ማሽን የሚያስነሣ አይደለም። አውጥተህ ቀይርና ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን።»

«ምኑን ነው የምታወጣው?»

«ምንም የሚወጣ ነገር የለም። ውስጠኛው እኮ ዕቃ አይደለም፤ ዲስኩም ዕቃ አይደለም። ጽሑፉ ድሮ ለድሮ ማሽን የተጻፈ ስለሆነ ነው።»

«እና እሱ የድሮ ማሽን አይደለም እንዴ?»

ጽሑፉን ደግሞ አየው። እኔም ልቀጥል ብዬ እንጂ አስቤበት አይደለም፣ «አፉ ውስጥ ያለውን ይሆን እንዴ አውጣ የሚለው?» አልኩት።

«የምን አፍ?»

«የሱ አፍ ነዋ። ቫዲቩ የምታጎርሰው።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞረ። ማንበቢያው ከጠረጴዛው ዳር የታተመ ወረቀት ተከምሮበት አቧራ ውጦታል፣ አፉ ብቻ ነው የሚታየው። አፉ ውስጥ ጥቁር ጠርዝ አለ።

«እኔ ነኝ ያጎረስኩት» አልኩ። ድምፄ ሲቀንስ ለራሴም ታወቀኝ። «ረቡዕ ጠዋት ዕቃ ስመልስ። ቦታው እዚያ አይደል?»

«ቦታው መሳቢያው ነው፣ አካ። ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።»

«ሌላ ዓመት ራስህ ነህ የምትመልሰው፤ እኔ መሳቢያህን ምን አውቅልሃለሁ? እኔ የማውቀው እሷ የምታስቀምጥበትን ነው።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ሰማያዊውን ደብተር ስቦ ጣቱን ሰባተኛው መስመር ላይ አደረገ። በገዛ እጁ የጻፈው ነው፤ አፍ፣ የውጪው፣ መጀመሪያ ይላል። የድሮው ማሽን ሲነሣ አስቀድሞ የሚያየው አፉን ነበር፤ እዚያ ምንም ከሌለ ወደ ራሱ ዲስክ ይሄዳል፣ የማያስነሣው ነገር ካገኘ ደግሞ ይቆምና አውጡልኝ ይላል። ቫዲቩ ምንም ነገር እንዳይቀየርባት ብሎ እንዳለ ገለበጠው። ቅጂውም፣ ትናንት የሠራውም፣ ሦስቱም የሚያዩት ይህችኑ አፍ ነው።

«ድሮም እንዲህ ታደርግ ነበር» አለኝ፣ ደብተሩን እያየ። «ሳይነሣ ታጎርሰዋለች። ይቆማል። እኔ ዞር ሳልል 'አውጪው፣ ቫዲቩ' እላታለሁ። እሷ ትስቃለች። ስንት ጠዋት። ስንት ጠዋት ነው ያልኳት።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ረሳሁት፣ አካ። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄንኑ ጽሑፍ እያየሁ፣ እሷን የምላትን ነገር ረሳሁት።»

እኔ ለማጽናናት አልተፈጠርኩም፤ ለጉድለት ነው የተፈጠርኩት። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እንዲያው ቆየን።

በኋላ ፍሎፒዋን አወጣት። የደረቀው የሰንደል ልቁጥ ፍርፍር ብሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ቀዩ ነጥብ ግን አለ። በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መሳቢያው ውስጥ አስገባት። ቁልፉን ግን አልተጫነም።

«ተጫነው እንጂ፣ ሰውዬው ሊመጣ ነው።»

«እርስዎ ይጫኑት።»

«የቱን?»

«ማንኛውንም ነው የሚለው።»

ሰፊውን መርጬ ተጫንኩ። ጽሑፉ ጠፋ፣ ሰማያዊው ገጽ መጣ፣ ቀጥሎም የቫዲቩ ጥለቶች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ተሞላ። ጎቫርዳናም ሲገባ ታኒካቻላም አጥፍቶ እንደ ገና አስነሣለት። ጎቫርዳናም ቆሞ አየ። «ይሄ ነው እንግዲህ ሦስት ቀን የዘጋህ?» አለ፤ ወዲያው የሰውዬውን ዓይን አየና የሚቀጥለውን ዋጠው። መኪናው የተሰበረ ማራገቢያና ሁለት የጽሕፈት መኪና ጭኖ ሄደ። ክፍሉ ለታኒካቻላም ቀረለት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ነገሩን ያነሣው የለም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ታኒካቻላም አሁንም አይናገርም። የሎሚ ሩዝ ልጨምርልህ፣ የላይኛውን ስጠኝ እለዋለሁ፤ «ነገ፣ አካ» ይለኛል። ነገ የሚባለው ቀን እስካሁን አልመጣም። እኔም ጡረታዬ እየደረሰ ነው፣ ከዚያ በኋላ አምስት እርምጃ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም።

ያን ሰሞን፣ ሰባተኛውን መስመር ሰርዘው ብዬው ነበር፣ ሁለተኛ እንዳያታልልህ። «አንድ ጠቅ ነው፣ ይሰረዛል» አለኝ። አልሰረዘውም። ጠዋት ጠዋት ውስጠኛው ከመነሣቱ በፊት ያ ባዶ አፍ ግርር ይላል፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል። ድሮ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም፤ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «አምጥታ እንደሆነ እያየ ነው። ካጣ ራሱ ይነሣል» አለኝ።

ሰርዘው አላልኩትም ከዚያ ወዲህ። ድምፁ ሲጀምር እጄ ሳሪው ላይ ይቆማል። እስኪያበቃ እጠብቅና ካርቶን በሺውን ቀድሜ ከተቀመጥኩበት እጠይቀዋለሁ።

«ታምቢ፣ ተነሣ?»

«ተነሣ፣ አካ።»